ያለ እሳት ብየዳ

ሰኔ 4

ይህን ደብተር ያመጣችልኝ ባለቤቴ ናት። «ስትነጫነጭ የምትውለውን ሁሉ ለዚህ ንገረው፤ የኔ ጆሮ ሞልቷል» ብላ ትራሴ ላይ ወረወረችው። እጄ የለመደው የብየዳ ኤሌክትሮድ መያዣ እንጂ እስክሪብቶ አይደለም። ፊደሌ እንደ ጀማሪ ብየዳ ይንቀጠቀጣል። ቢሆንም ቀኑ አልመሽ ብሎኛልና ልሞክረው።

በያጅ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ የጣሪያ ብረት፣ የመጣልኝን ሁሉ እበይዳለሁ። በሚያዝያ መጨረሻ ከመቆሚያዬ ላይ ወደቅኩ። ወደቅኩ ማለቱ ራሱ ያሳፍራል፤ ከፍታው ከወንበር አይበልጥም። የቀኝ እግሬ ቅልጥም ግን ለሁለት ተሰበረ። የሥራ ጓደኛዬ ዝገት (ቱታው ታጥቦ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣለት) መጀመሪያ የቀለድኩ መስሎት ሲስቅ ነበር። እግሬ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ ሲያየው ነው ሳቁን ያቆመው።

ከዚያ ወዲህ ጀሶ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አልጋ። መጸዳጃው አንድ ወለል ዝቅ ብሎ ነው፤ ባለቤቴ ትከሻዋን ሰጥታ ታወርደኛለች፣ ትከሻዋን ሰጥታ ታወጣኛለች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ አንሶላና ፎጣ ታጥባለች፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ቆማ።

ሰኔ 12

ዝናብ። ጀሶው ስር ይበላኛል። በሹራብ መሥሪያ ሽቦ ሳክ አማቴ ደርሰውብኝ ሽቦውን ነጠቁኝ። «አንተ ሰው፣ ቁስል ልትጨምርበት ነው?» አሉ። ሽቦው የሳቸው ነበር።

ሰኔ 19

ተኝቶ የሚውል ሰው ጆሮው ይሾላል። የግቢያችን ደረጃ ከውጭ የተሠራ የብረት ደረጃ ነው። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የመደገፊያው ብየዳ ተላቋል፣ ሰው ሲይዘው ይንቋቋል። ስለዚህ ማን እንደመጣ ሳላይ አውቃለሁ። አማቴ ከሚኖሩበት ምድር ቤት ሲወጡ ብረቱን ሙጥኝ ስለሚሉት ቋ… ቋ… ቋ… ይላል። ዝገት በየደረጃው በጥፊ እየመታው ነው የሚወጣው። ባለቤቴ ግን መደገፊያ አትነካም። እሷ ስትመጣ የሚሰማው ጫማዋ ብቻ ነው፤ ጠብ ጠብ ጠብ፣ እንደ ልጅ እየሮጠች። ስንጋባም እንዲሁ ነበረች።

መደገፊያውን እበይደዋለሁ ስል የስንት ሰው ቤት በር በይጃለሁ።

ሐምሌ 2

ራጅ ተነሳሁ። ልቤ ተሰቅሎ ነበር፣ አሁንም አልወረደም።

የአጥንት ሐኪሟ አጭር ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ፤ ግን የምትለውን ሳይሰሙ ማለፍ አይቻልም። ፊልሙን መብራት ላይ ሰቀለችው። የራሴን አጥንት ሳይ አፌን ያዝኩ። እንዴት ያለ ሥራ ነው! ዳር እስከ ዳር አንድ ጭረት የለው፣ ማዕዘን የለው፣ ከላይ ሰፍቶ ወደ መሃል ቀጥኖ እንደገና የሚሰፋ። ብረት እንዲህ አድርገህ ሥራልኝ ብትለኝ ዕድሜ ልኬን ብቀጠቅጥ አልችለውም። በመሃሉ ላይ ግን ጥቁር መስመር አለ። ሰፊ አይደለም፣ ኤሌክትሮድ አይገባበትም። ግን አለ።

«እስካሁን ከዳርና ዳሩ አዲስ አጥንት መታየት ነበረበት» አለች። «አልጀመረም ማለት ይቻላል።»

እስከ ነሐሴ መጨረሻ ትጠብቃለች። ካልጀመረ ትከፍተዋለች፤ ከዳሌዬ አጥንት ቀንሳ እዚያ ትጨምራለች፣ በብረትና በብሎን ታስረዋለች። ብረትና ብሎን ስትል ባለቤቴ እጄን ያዘች። እኔ በልቤ ብሎኑ ስንት ቁጥር ይሆን እያልኩ ነበር። ሰው ሲፈራ የማያስበው ነገር የለም።

ጀሶውን ቆርጠው በሚፈታና በሚታሰር ድጋፍ ቀየሩት። ከዚያ ሐኪሟ ትጠይቀኝ ጀመር።

«ከዚህች ከፍታ ወድቆ እንዲህ መሰበር ትንሽ ይገርማል። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«በያጅ ነኝ፣ ዶክተር።»

«ፀሐይ ያገኝዎታል?»

«ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ስገባ አልነጋም፣ ስወጣ መሽቷል። ስሠራ ደግሞ ከአናቴ እስከ እግሬ የተሸፈንኩ ነኝ፤ ዓይኔ እንኳ ከጥቁር መስታወት ጀርባ ነው።»

ደም ቀዱኝ።

ሐምሌ 6

ውጤቱ መጣ። ቫይታሚን ዲ የሚባለው ነገር በደሜ ውስጥ የለም ማለት ይቀላል። ይህን ሰውነት በፀሐይ ነው የሚሠራው አለች ሐኪሟ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ብርሃን ስሠራ ነው የምውል! መንገደኛው ሁሉ ዓይኑን እየሸፈነ ነው የሚያልፈው። እኔን እንዴት ነው ብርሃን የሚያንሰኝ?»

ከት ብላ ሳቀች። «ለሌላው እያበሩ ራስዎ ተሸፍነው ነዋ! መሸፈንዎ ደግ ነው፤ ያ ብርሃን ያቃጥልዎታል። የጎደለውን ግን እንሞላለን።»

በሳምንት አንዴ የሚዋጥ እንክብል አዘዘችልኝ። አጥንቱን ይበይደዋል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አይበይድም። አጥንቱን የሚሠራው ሰውነትዎ ራሱ ነው፤ ይህ ዕቃ ማቅረብ ነው። ያልጎደለው ሰው ቢውጠው ይፈጥንለታል ብዬ አልዋሽዎትም። ለጎደለው ይረዳል ብለን እናስባለን፣ ጥናቶቹ ግን ገና አንድ ቃል አልሆኑም። ባዶ መተው ግን ለአጥንት ደግ አይደለም። እሱን አውቃለሁ።» እንዲህ ብላ የምትናገር ሐኪም አይቼ አላውቅም። የማታውቀውን ከምታውቀው ለይታ ቁጭ አደረገችልኝ።

ሐምሌ 7

ትናንት የነገረችኝ ከጭንቅላቴ አልወጣልህ አለኝ። ፀሐይ ቆዳ ላይ ታርፋለች። ቆዳው ከሷ አንዳች ነገር ይሠራል። ያ ነገር በደም ሄዶ ጉበት ይደርሳል፣ ጉበት ይነካካዋል፤ ኩላሊት ይደርሳል፣ ኩላሊት ይጨርሰዋል። ከዚያ አንጀት ከምንበላው ላይ ካልሲየሙን እንዲስብ ያደርገዋል። አጥንት ጋ የሚደርሰው ያ ነው። ማለት አጥንቴ ውስጥ ፀሐይ አለች ማለት ነው እኮ!

እኔ አንድ በር ለመሥራት ብረት የሚያመጣ፣ የሚቆርጥ፣ የሚሞርድ፣ የሚቀባ ሰው እፈልጋለሁ፤ ሁሉም እየተጨቃጨቀ። ይሄ ሁሉ ደግሞ እኔ ተኝቼ፣ እኔ ሳላውቅ፣ አንድም ጩኸት ሳይሰማ። ለባለቤቴ ስነግራት እግሯን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ትሰማኝ ነበር። «ጉድ ነው» አለች፣ ዓይኗን ጨፍና።

እንቅልፍ ይዟት ነበር መሰለኝ። ቅር አለኝ።

ሐምሌ 16

ዝናብ። ዝናብ። ፀሐይ የሚባል ነገር የለም።

ባለቤቴ የኔን ነጠላ ጫማ ተጫምታ ሥራ ሄደች። ጫማዬ ጠበበኝ አለች። «በዚህ ዕድሜሽ እግርሽ እያደገ ነው?» ብዬ ሳቅኩባት። እሷም ሳቀች። ነጠላ ጫማዬ እሷ እግር ላይ ጀልባ ያክላል።

ሐምሌ 23

ዛሬ ከሰዓት በፊት ደመናው ተቀደደ። ባለቤቴ የእረፍት ቀኗ ነበር፤ ከአልጋ አንስታ፣ ትከሻዋን ሰጥታ፣ ወንበር የደረጃው ማረፊያ ላይ አውጥታ አስቀመጠችኝ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ፣ ሸሚዜን እስከ ክርኔ ጠቀለለችው። ፀሐይዋ ክንዴ ላይ ስታርፍ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት የተሰማኝ አይመስለኝም። ጸጉሮቼ ሁሉ ቆሙ። ግባ! አልኳት፣ ድምፄን አሰምቼ። ግቢና ሥሪ!

«ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለች ባለቤቴ ከውስጥ። ጥላው ውስጥ ሆና ልብሴን ትተኩስ ነበር። ነይ ተቀመጪ አልኳት። «አንተ ሙቅ፣ ላንተ ነው የታዘዘው» አለች።

ሐምሌ 29

የደረጃው መደገፊያ እየባሰበት ነው። አሁን ባለቤቴ ስትመጣም ይንቋቋል። ቋ፣ ጸጥ፤ ቋ፣ ጸጥ። ብየዳው ጨርሶ ሊለቅ ነው። ተነስቼ በመዶሻ አንዴ ብመታው ምን ያህል እንደቀረው በድምፁ እነግራችሁ ነበር።

ነሐሴ 4

ዝገት መጣ። መደገፊያውን በጥፊ እየመታ። ወንበር ስቦ እንክብሎቹን አገላበጣቸው።

«ይቺን ነው በሳምንት አንድ? ስማ ወንድሜ፣ ሁሉንም ዛሬ ዋጣቸውና ነገ ሥራ እንግባ።»

«አምፔር ስታበዛ ብረቱ ምን ይሆናል?»

«ይበሳል።»

«ይሄም እንደዚያው ነው። ከበዛ ሌላ ጣጣ ያመጣል ብላኛለች።»

«ሐኪም ሆነሃላ!» አለ። ሲወጣ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ሚስትህ ከስታለች» አለኝ። ሥራ በዝቶባት ነው አልኩት።

ነሐሴ 12

አማቴ ምሳ ይዘው ወጡ። ሳህኑን ሲያስቀምጡ ጠረጴዛው ጮኸ። ፊታቸው ጠቁሯል። ምን አጠፋሁ? «ተመስገን በል፣ አንተማ ተኝተሃል» አሉኝ። ደሜ ፈላ። መተኛት ፈልጌ ነው እንዴ የተኛሁት!

በኋላ ግን ሳስበው፣ ለምን ተመስገን አልልም? ሌላው እግሬ ደህና ነው።

ነሐሴ 17

ምነው ጆሮዬ ባልሰማ።

ተኝቷል ብለው ነው። እናትና ልጅ የደረጃው ማረፊያ ላይ ቆመው፣ በሹክሹክታ።

«ንገሪው እንጂ!» አማቴ ናቸው።

«አልነግረውም።»

«እስከ መቼ?»

«ሐኪሟ ጋ እስክንሄድ። እስከዚያ አንዲት ቃል እንዳይሰማ፣ እማዬ፣ በሞቴ። ከሰማ አልጋው ላይ አይቆይልኝም።»

አማቴ አለቀሱ። እሳቸው፣ እንባ የሚባል የማያውቁ ሴትዮ።

እንግዲህ ገብቶኛል። የመጨረሻው ራጅ ላይ ሐኪሟ ለብቻዋ የነገረቻት ነገር አለ። እግሬ አይድንም።

ነሐሴ 18

አልበላሁም። «ምን የምትደብቂኝ አለ?» አልኳት። «ምን እንድደብቅህ ፈለግክ?» ብላ ሳህኑን አነሳች። ፊቷን አላሳየችኝም።

ነሐሴ 20

እንደ ምንም እጽፈዋለሁ።

በእኛ ሥራ ብየዳ በዓይን ብቻ አይታመንም። ብየዳው ላይ የረጋውን ቅርፊት እናራግፍና በመዶሻ እንመታዋለን። የያዘ ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮኻል። ውስጡ ክፍተት ካለው ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ሸክም እንጭንበታለን። ከቻለ ቻለ፤ ካልቻለ ደንበኛው ሳያይ መላቀቁ ይሻላል። ስንት ዓመት እንዲህ አድርጌያለሁ፤ ድምፅ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ዛሬ ቤቱ ባዶ ሲሆን አልጋ ስር ካለው ቦርሳዬ ትንሿን መዶሻ አወጣሁ። ድጋፉን ፈታሁ። እግሬ ቀጥኗል፤ የኔ አይመስልም። ቆዳውን ዳበስኩት፤ የተሰበረበት ቦታ ላይ እብጠት ነገር አለች። ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ፣ ቀስ አድርጌ መታሁት።

ጢብ አለኝ። እንደ እርጥብ እንጨት።

ደግሜ መታሁት። ጢብ።

በቃ አልያዘም። እናትና ልጅ የሚያለቅሱለት ይሄ ነው። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ምን ብዬ ላስረዳ? ሰው ላይ ሸክም ጫንኩ። የአልጋውን ራስ ይዤ በሁለት እግሬ ቆምኩ፣ ከዚያ አልጋውን ለቀቅኩ። ቁርጡን ልወቅ ብዬ። ሕመሙ እስከ አናቴ ወጣ። ወለሉ ላይ ነበርኩ።

ባለቤቴ ከታች ገና ከሥራ እየገባች ኖሮ አወዳደቄን ሰማችው። ደረጃውን ስትወጣ ሰማኋት፤ እየሮጠች ነው፣ ግን እንደ ድሮው ጠብ ጠብ አይደለም። ቋ፣ ከዚያ የአንድ እግር ኮቴ፣ ቋ፣ ከዚያ የአንድ እግር ኮቴ። በሩን ከፍታ በብብቴ ገብታ አነሳችኝ። ስታነሳኝ ጮኸች። እኔ ዝም ብያለሁ፣ የጮኸችው እሷ ናት።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አስደነገጥከኝ።»

ነገ ሐኪም ቤት። መዶሻውን አላየችም።

ነሐሴ 21

ከየት ልጀምር?

ራጅ አነሱኝ። ሐኪሟ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ ተጠግታ አየችው፣ ራቅ ብላም አየችው። «ዶክተር፣ እንደማይድን አውቄያለሁ፣ አትሸፋፍኚብኝ» አልኳት።

«ማን ነው እንደማይድን የነገረዎት?» አለችና በእርሳሷ ጫፍ አሳየችኝ። ጥቁሩ መስመር አለ። ግን ከግራና ከቀኙ፣ ከሁለቱም ጫፍ፣ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ነገር ተነስቶ መስመሩን አቅፎታል። ጫፍና ጫፉ ሊነካካ ምንም አልቀረው። «አዲስ አጥንት ነው። አሁን ለስላሳ ነው፣ እየጠነከረ ይሄዳል። ሲጨርስ ደግሞ ትርፉን ራሱ እየሞረደ ያስተካክለዋል።»

ትርፉን ራሱ ይሞርደዋል! እሳት የለ፣ ኤሌክትሮድ የለ፣ መሞረጃ የለ። ጨለማ ውስጥ፣ ሥጋ ውስጥ፣ እኔ በደብተር ላይ ስነጫነጭ፣ እሱ ሥራው ላይ ነበር። እንባዬ መጣ። አላፈርኩም።

እንክብሉ ነው ወይ አልኳት። «አላውቅም። እሱም ሊሆን ይችላል፣ ጊዜም ሊሆን ይችላል። ደምዎ ግን ሞልቷል።» ከዚያ ቅልጥሜ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰንበር አየች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

ነገርኳት። ምን ላድርግ። መዶሻውን፣ ጢብ ያለውን፣ ሁሉንም።

ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ ቆየች። መሳቋን እንዳላይ ነው። «ጤነኛውንስ እግርዎን መትተው ሰምተዋል?»

አልመታሁም። አላሰብኩትም! ስንት ዓመት የሠራሁ ባለሙያ ማመሳከሪያውን አልመታሁም!

«እሱም ጢብ ነው የሚለው» አለች። «አጥንት ብረት አይደለም። ሕያው ነገር ነው፣ እርጥብ ነው። ሁለተኛ በመዶሻ እንዳይነኩት።»

ባለቤቴ እንድትሰማ ወደ አግዳሚ ወንበሩ ዞርኩ። ልትነሳ እየሞከረች ነበር። ግድግዳውን ይዛ ግማሽ ድረስ ተነሳች፣ ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። የራጅ ባለሙያው፣ ረጅሙ ልጅ፣ ከኔ ቀድሞ አየ። «እትዬ፣ እግርዎን ምን ሆነው ነው? ሲገቡም አይቼ ነበር።»

«ድካም ነው።»

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ የኔን ነጠላ ጫማ ከእግሯ ላይ አወለቀችው። እግሯ አብጦ ቆዳው ይብለጨለጫል። ይህን እግር በየማታው ውሃ ውስጥ አየው ነበር። አየው ነበር!

እሷንም ራጅ አነሷት። ፊልሙን ከኔ ፊልም ጎን ሰቀሉት። ከሁለተኛው ጣት ጀርባ ያለው ቀጭን አጥንት ለሁለት ተሰንጥቋል። ዙሪያውን ደግሞ ያ ነጭ ጭጋግ፣ ከኔ ይልቅ ወፍሮ፣ እንደ ቋጠሮ ጠቅልሎታል።

«ይሄ የዛሬ አይደለም» አለች ሐኪሟ። «ሳምንታት አልፈውታል። በዚህ እግር ነው የሚሄዱት?»

ባለቤቴ ነጠላ ጫማውን ስባ መልሳ ልትጫማው ሞከረች። ያለፉት ሳምንታት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጆሮዬ ላይ መጡ። የጠበበው ጫማ። ቋ፣ ጸጥ፤ ቋ፣ ጸጥ። የአማቴ እንባ። መደገፊያው አልባሰበትም ነበር። እሷ ነበረች ክብደቷን የምትጥልበት። ድምፅ አይዋሸኝም ባይ ነኝ፤ አጠገቤ ሲጮህ ብረቱን ጠረጠርኩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ሁለታችንም ከተኛን ማን ይነሳል?» አለች።

እኔ አልጋ ላይ ተኝቼ አልበየድ ብሎ ያስለቀሰኝን ነገር፣ እሷ እየረገጠችው፣ አንሶላ እያጠበች፣ እኔን በትከሻዋ እያወረደችና እያወጣች በይዳዋለች። ሐኪሟ ዕድል ነው፣ ሊንሸራተት ይችል ነበር ብላ ተቆጥታታለች። ይሁን። እኔ ግን ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሳይ የገረመኝ የራሴ አልነበረም። ከዚያ መብራት ፊት ተንበርከክ ቢሉኝ እንበረከክ ነበር፤ ጉልበቴ ባይታጠፍም።

ነሐሴ 26

ያን ዕለት ከሷም ደም ቀድተው ነበር፤ ውጤቱ መጣ። ከኔም ያነሰ ነው። ሲነጋጋ ምድር ቤት ትገባለች፣ ሲመሽ ከምድር ቤት ትወጣለች፣ በዕረፍቷ ቀን ደግሞ እኔን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ጥላ ውስጥ ትተኩሳለች። «ላንተ ነው የታዘዘው» ብላኝ ነበር።

እሷም እንክብሏን ጀመረች። ለእግሯ የማይታጠፍ ጫማ ሰጧት፣ ከሥራ ዕረፍትም ጻፉላት። አማቴ ጠቅልለው ወደ እኛ ወጥተዋል። አንድ አልጋ ላይ ሁለት ስንኩል ተኝተን እሳቸው ከመሃል ቆመው ያዙናል። «አንተ ውኃ ጠጣ። አንቺ እግርሽን ከፍ አድርጊ። ማንም እንዳይነሳ!» እኔና እሷ ዝም ብለን እንታዘዛለን፤ ሲዞሩ እንሳሳቃለን።

ማታ እግሯን ደረቴ ላይ አስቀመጥኩት። ቀስ ብዬ ዳበስኩት፤ ያቺ ቋጠሮ በቆዳው ላይ ትሰማለች። ይቅር በይኝ አልኳት። «ለምኑ?» አለች። ለምኑ እንደሆነ ስዘረዝርላት እንቅልፍ ወሰዳት። አሁን ቅር አላለኝም።

መስከረም 15

ፀሐይ! ሙሉ ቀን! ሁለት ወንበር የደረጃው ማረፊያ ላይ። ሁለታችንም እጅጌያችንን ጠቅልለን። ሐኪሟ ቆዳችሁ እስኪቀላ አትቆዩ ብላናለችና አማቴ ሰዓት ይዘው ከኋላችን ቆመዋል። ዝገት ከታች አየንና «ምነው ፀሐይ ላይ ተሰጣችሁ፣ በርበሬ ናችሁ?» አለ።

ክንዷ ከክንዴ ጎን ነበር። ሁለቱም ላይ ያቺው ፀሐይ። ምን እየሠራች እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አሁንም ይገርመኛል።

መስከረም 27

በአንድ ክራንች። ከአልጋ እስከ በሩ። እግሬን እንድረግጥበት ተፈቀደ፣ በልክ። ሸክም በልኩ ሲሆን አጥንትን ያጠነክረዋል አለችኝ። እኔ በልኩ የሚለውን ነው ያላወቅኩት።

ጥቅምት 9

ሁለት ራጅ። በኔ ላይ መስመሩ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ቦታውን በእርሳስ ካላሳዩህ አታገኘውም። ኦፕሬሽን የለም። የሷ ጨርሶ ድኗል፤ ቋጠሮው እንኳ መሞረድ ጀምሯል። ባለሙያው ልጅ «ጋሼ፣ ፊልሙን ልስጥዎት?» አለኝ። የሷን ስጠኝ አልኩት። አሁን መስኮታችን ላይ ተለጥፏል። ጠዋት ጠዋት ብርሃን ከኋላው ሲመጣ ይታያል። አማቴ እንግዳ ሲመጣ በመጋረጃ ይሸፍኑታል።

ጥቅምት 17

ዛሬ ወደ ሥራ የተመለሰችበት ቀን ነው። ልብስ ማጣጠፊያው ክፍል አዛውረዋታል፤ መስኮት አለው፣ ወንበር አለው።

እንደወጣች ዝገትን ጠራሁት። የብየዳ ማሽኑን እያለከለከና እየተራገመ ሁለተኛው መታጠፊያ ድረስ አወጣው። እኔ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ጭምብሌን አወረድኩ። አሮጌውን ብየዳ ሞረድኩ፣ ገጠምኩ፣ በየድኩ። ቅርፊቱን በትንሿ መዶሻ አራገፍኩ። ከዚያ በዚያችው መዶሻ መታሁት።

ጮኸ። ግቢው ሙሉ ሰማ።

«ምን ፈረሰ?» አሉ አማቴ ከታች።

«ምንም አልፈረሰም፣ እማማ።»

ቀኑ ሊመሽ ሲል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። የግቢው በር ተከፈተ። አንደኛው ወለል። ሁለተኛው መታጠፊያ። እጇን ጣል አድርጋበት እንደሆነ አላውቅም፤ መደገፊያው ዝም አለ። የሰማሁት ጫማዋን ነው፣ የራሷን ጫማ፤ ጠብ ጠብ ጠብ። ክራንቹን አልጋው ላይ ትቼው ሄድኩና በሩን ከፈትኩላት።